መልስ፦ የሚኒባስ ውስጥ በሞራሌ ማልበስ

ወንድሜ፣ ደሴ ያለውን አሮጌ ሚኒባስህን ውስጡን ኮምፔንሳቶ (ስስ የተነባበረ ጣውላ) ልታለብስ ነው፤ ከሥሩ ርካሹ ሞራሌ (በመጋዝ የተሰነጠቀ ቀጭን ዘንግ እንጨት) ይሆናል ወይ ብለሃል። ይሆናል፣ ግን እርጥቡን እንዳትገዛ።

እንጨት ቤት ስትገባ ከላይ ያገኘኸውን አንስተህ አትውጣ። አንዱን ጫፍ ዓይንህ ሥር አድርገህ ወደ ሌላው ጫፍ እይ፤ የተጣመመው ወዲያው ይታይሃል። በተለይ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። በየመሃሉ ቀጭን እንጨት እያስገባህ ደርድረውና ጥላ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት አቆየው። ደሴ ጉም በሚከርምበት ወቅት ከሆነማ ጨምርለት። እርጥቡን እዚያ ገጥመህ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትወርድ መገጣጠሚያው ይከፈትብሃል።

ብሎኑን ከውጭው ላሜራ ጋር ሳይሆን ከውስጠኛው የብረት አጥንት ጋር እሰር። የመብራት ሽቦው በየት እንዳለፈ ሳታይ እንዳትበሳ፣ አደራ! የበሳኸውን ሁሉ ፀረ ዝገት ቀባው። ውስጡ ከታደረ ትንፋሽ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ዝገቱም ከዚያ ይነሳል። ለጣሪያው 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ሞራሌ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ከፍታውን ይበላብሃል።

ውስጡ አልጋ የምትሠራ ከሆነ ለእግሩ ግን ይሄን ቀጭን ሞራሌ አልመክርህም። እዚያ ላይ ወፈር ያለ እንጨት ወይም ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ) ብረት ይሻላል።