ለወላጆች የሆቴል አልጋ ስትይዢ ቀኑን ራስሽ ቁረጪ

እህቴ፣ ለእናትና ለአባትሽ 35ኛ ዓመት ጋብቻቸው ቢሾፍቱ ሁለት ሌሊት ከነቁርሱ ከሜሪላንድ ሆነሽ ልትገዢላቸው አስበሽ፣ «የሆቴል የስጦታ ካርድ ይሻላል ወይስ ብሩን ልላክላቸው?» ብለሻል። እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴ ከስሬያለሁና ሁለቱንም ተዪው እላለሁ። ቀኑን ራስሽ ቁረጪ፣ በስማቸው አልጋ ያዢ፣ ሙሉውን ክፈዪ።

ብሩን ከላክሽማ ወይ የወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል፣ ወይ የጣሪያ ቆርቆሮ። ካርዱን ደግሞ እኔው ልኬ አይቼዋለሁ። የስድስት ወር ጊዜ ነበረው። እናቴ ከሠርግ አልበሟ ጋር አስቀምጣው «ክረምቱ ይለፍ፣ ጾሙ ይፈታ» ሲባል ተቃጠለ። ደውሎ ቀን ማስያዝ ለኛ ወላጆች ልመና ነው የሚመስላቸው።

በሁለተኛው ጊዜ ቀን ቆርጬ ያዝኩላቸው። የከፈልኩት ግን የአልጋውን ዋጋ ብቻ ኖሯል። ሊወጡ ሲሉ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ 15 በመቶ ቫት ተብለው ተጠየቁ። አባቴ ከኪሱ ከፍሎ ዝም አለ፤ እኔ ከእህቴ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ስትደውዪ መጀመሪያ «የነገራችሁኝ ዋጋ ቫቱንና ሰርቪስ ቻርጁን ጨምሮ ነው?» በይ። በዶላር ከነገሩሽ ደግሞ የሚያድሩት አገር ቤት ያሉ ሰዎች መሆናቸውን ንገሪና የነዋሪ ዋጋ ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ ይለያል። ከተቻለ እዚያ ያለ ወንድም ወይም እህት ይክፈልና «ሙሉ ክፍያ» የሚል ደረሰኝ ይቀበል። የሁለቱንም ስም እንደ መታወቂያቸው እስከ አያት አስመዝግቢ። የኛ እናቶች በባላቸው ስም አይጠሩም፤ በአባትሽ ስም ብቻ ከተያዘ መቀበያው ላይ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል።

ቀኑ ላይ ጊዜ ውሰጂ። ወላጆችሽ ጿሚ ከሆኑ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ቁርስ ያለበት አልጋ መግዛት ለቁርሱ በከንቱ መክፈል ነው። በሌላም ጊዜ ረቡዕና ዓርብ አለ። እኔ በሦስተኛው ያገኘሁት መላ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ችግሩ ወቅቱ የሠርግ ወቅት ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር ሙዚቃው አያስተኛም። ማክሰኞ ገብተው ሐሙስ ይውጡ። ዋጋውም ከሳምንቱ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊላቸው፤ ጥቅምት 5 ያልሽው ኦክቶበር 5 ተብሎ ከተመዘገበ አሥር ቀን ተሳሳትሽ ማለት ነው።

ስለ ቦታው፦ እዚያ አሜሪካ «ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት» ስትዪ ደስ ይላል፤ አገር ቤት ግን አነስ ያለ ቤት ፍለጋ ፔንሲዮን ከያዝሽላቸው እናትሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ነው የሚስቡት። ፔንሲዮን ሁሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ስሙ ነው። ሎጅ ወይም ገስት ሃውስ ይሁን። ደግሞ ጉልበታቸውን አስቢ። ባቦጋያም ሆነ ሆራ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፣ ዳሩ ቁልቁለት ነው። በፎቶ የምታዪው ውኃው አጠገብ ያለው ጎጆ፣ ቁርስ ለመብላት በየጠዋቱ ደረጃ መውጣት ሊሆን ይችላል። «ለምግብ ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ደረጃ የሌለው» ብለሽ ያዢ።

እራቱንም አትርሺ። እኔ ቁርስ ብቻ ከፍዬ በነበረ ጊዜ ሜኑው ላይ ያለውን ዋጋ አይተው ሻይ ብቻ አዝዘው፣ እናቴ ይዛው የሄደችውን ድርቆሽ ክፍላቸው ውስጥ በልተው ተኙ። (ቴርሞሷንም ይዛ ነበር፤ «የሆቴል ቡና ውኃ ነው» አለች።) በሦስተኛው እራትና ምሳ ቀድሜ ከፍዬ አስተናጋጁ ዋጋ የሌለበት ወረቀት እንዲያሳያቸው ለመንኩ፤ እሺ አለኝ። መኪናም አብረሽ ክፈዪ። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሾፌሩ በር ላይ ካልቆመ አይነሱም።

ስትነግሪያቸው «ለምን ገንዘብሽን ታባክኛለሽ» ይመጣል። «ተከፍሏል፣ ካልሄዳችሁ ይቃጠላል» ብቻ በይ፣ ሌላ ክርክር ውስጥ አትግቢ። የኔው አባት ይህን ሲሰማ ነው ሻንጣ የጠየቀው።

የጋብቻ ቀናቸው መስከረም መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ የሚከበርባትን እሁድ ጠይቀሽ ዝለያት። በዓሉ እዚያው ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ይከበራል፤ አልጋም መንገድም አይገኝም።