የድሮ ድልድይ የመሬት መንቀጥቀጥን ይቋቋማል ወይ? መጀመሪያ መቀመጫውን ለካ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ ባለው መንገድ የሚሰራ አንድ ወጣት መሃንዲስ የላከልኝ ጥያቄ፦ ባለ ሶስት ስፓን (በሁለት ድጋፎች መካከል ያለ የድልድይ ክፍል) የድሮ የኮንክሪት ድልድይ አለን፣ ከ2017ቱ የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ ወዲህ ሰው ፈርቷል፣ በሀመር ቴስት (ኮንክሪቱን በመዶሻ መሰል መሳሪያ መትቶ ጥንካሬውን መለካት) አድርጌ ኮንክሪቱ ጠንካራ ሆኖ አገኘሁት፣ ይሄ ይበቃል ወይ?

አይበቃም ወንድሜ። ሀመሩ የሚነግርህ የላዩን ጥንካሬ ነው፣ የድሮ ድልድይ ግን ኮንክሪቱ ጥሩ ሆኖም ገርደሩ (መንገዱን የተሸከመው አግዳሚ) ከመቀመጫው፣ ማለትም ምሰሶው አናት ላይ ካረፈበት ቦታ፣ ተንሸራቶ ሊወርድ ይችላል፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ሳን ፈርናንዶ ላይ ስፓኖች የወደቁት እንደዛ ነው። ስለዚህ ሜትርህን ይዘህ ፒየሩ (የድልድዩ ምሰሶ) ላይ ውጣ፣ የተጠራቀመውን አፈር ጥረግና ከገርደሩ ጫፍ እስከ ፒየሩ ጠርዝ ያለውን ለካ፣ ጠርዙ ተሰባብሮ ከሆነ የተሰበረውን አትቁጠር። ይህ ርዝመት ቢያንስ ስንት መሆን እንዳለበት የአሜሪካኖቹ የመንገድ ባለስልጣናት ማህበር፣ የአሽቶ፣ ቀመር እንዲህ ነው፦ 200 ሚሊ መነሻ፣ በስፓኑ ርዝመት በየሜትሩ 1.7 ሚሊ፣ በፒየሩ ቁመት በየሜትሩ 6.7 ሚሊ ትደምራለህ። 20 ሜትር ስፓንና 6 ሜትር ፒየር ከሆነ 27 ሴንቲ ገደማ ይመጣል፣ ድልድዩ ወንዙን 30 ዲግሪ ሰያፍ ካቋረጠ ደግሞ 11 ፐርሰንት ጨምርበት።

ቀጥሎ የኮለኑ (የፒየሩ ቋሚ) ስታፋ፣ ማለትም ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት። ድሮዊንግ ከሌለህ በፌሮ ዲቴክተር (ኮንክሪት ውስጥ ያለውን ብረት በሚያገኝ መሳሪያ) ከታች ከመሰረቱ በላይ ያለውን ፈትሽ፣ አንድ ቦታ ላይም በትንሹ ፈልፍለህ በአይንህ እይ። ካሊፎርኒያ የፈረሱት ኮለኖች ስታፋቸው 12 ሚሊ በየ30 ሴንቲ ነበር፣ እንዲህ ከተራራቀና የጫፉ መንጠቆ 90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ የላዩ ኮንክሪት ሲረግፍ ስታፋው ይከፈትና ዋናው ፌሮ ይጎብጣል፣ መንጠቆው 135 ታጥፎ ወደ ውስጥ መግባት ነበረበት። ቤሪንጉ (ገርደሩ እንዲንቀሳቀስ ከስሩ የሚደረገው ማረፊያ) ዝጎ ተጣብቆ እንደሆነም እይ።

አሁን እውነቱን ልንገርህ፣ ጎጃም እንደ አፋርና አዋሽ ስምጥ ሸለቆው ላይ አይደለም፣ ስጋቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ ይፍረስ ብለህ አትጻፍ። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ክረምት ወንዙ መሰረቱን ስር ስሩን መብላቱ ነው፣ መሰረቱ የተራቆተ ፒየር በትንሽ ንቅናቄም ሊያዘም ይችላል፣ እሱን ሳታይ ስለ መንቀጥቀጥ ማውራት ዋጋ የለውም። መቀመጫው ካጠረ በኮንክሪት ማስፋት ወይም ገርደሮቹን በብረት ገመድ እርስ በርስና ከፒየሩ ጋር ማሰር ይቻላል፣ አዲስ ድልድይ ከመስራት በጣም ይረክሳል። ብቻ ሰኔ ሳይገባ፣ ውሃው ዝቅ እንዳለ ውረድና መሰረቱን እይልኝ።