«አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ»፦ ስለ ልጆችና ስለ መዝሙር ክፍለ ጊዜ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

በትምህርት ቤት ስለሚሰጠው ሙዚቃ ጠይቁን ብለን ነበር፤ ጠየቃችሁ። ደብዳቤው ከጠበቅነው በላይ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ አምስት መርጫለሁ። እኔም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሙዚቃ ነው የማስተምረው። ስለዚህ አንዳንዱ ላይ ከረር ካልኩ ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። ለወላጆች ቀን መዝሙር ሲለማመዱ መምህሯ «አንቺ ዜማውን ታበላሺያለሽ፣ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አሏት። ቤት መጥታ አለቀሰች። ድሮ ስትሥልም ስትለብስም ታንጎራጉር ነበር። አሁን ጸጥ ብላለች። እውነት ልጄ ድምፅ የላትም? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አላት እህቴ። የጎደላት ልምምድ ብቻ ነው።

በዚህ ዕድሜ ዜማ መሳት የተለመደ ነው። የሰማነውን ዜማ በራሳችን ጉሮሮ መልሶ ማውጣት በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። አንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ይለምደዋል፣ ሌላው 8 ወይም 9 ዓመት ሲሞላው። አንዱን ዜማ ከሌላው መለየት ጨርሶ የማይችል ሰው በተፈጥሮ አለ፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። እየሣለች የምታንጎራጉር ልጅ ከእነሱ አንዷ ትሆናለች ብዬ አላስብም።

ብዙ ጊዜ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ልጆች በንግግር ድምፃቸው ለመዝፈን ይሞክራሉ፣ ያ ድምፅ ደግሞ ወደ ላይ አይወጣላቸውም። ወይም መዝሙሩ የተጀመረው ለአዋቂ በሚመች ከፍታ ነው። ወይም ክፍሉ ሙሉ ስለሚጮህ ልጅቷ ራሷን አትሰማም። የራሱን ድምፅ የማይሰማ ልጅ ምኑን ያስተካክል?

ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጊ። አብረሻት ዝፈኚ፤ ግን አንቺ አትጀምሪ። እሷ ትጀምር፣ በፈለገችው ከፍታ። አንቺ ተከትለሽ ድምፅሽን ከእሷ ድምፅ ጋር አግጥሚው። ሁለት ድምፅ ሲገጥም ምን እንደሚመስል በጆሮዋ ታገኘዋለች። ዜማ የሚስቱ ብዙ ልጆች ይህን ስሜት አንድ ቀን እንኳን አላገኙትም። ከዚያ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያልሽ ውሰጃት። መዳፏን ከጆሮዋ ኋላ ብታደርግ የራሷ ድምፅ ጎልቶ ይሰማታል። ጓደኛዋን ከማዶ እንደምትጠራ አድርጋ ስም እያስረዘመች ትጣራ፤ ያኔ የሚወጣው ቀጠን ያለው ድምፅ ነው መዝፈኛዋ። ዘመድ ተሰብስቦ «እስቲ ዝፈኚላቸው» የሚባለው ነገር ግን ለጊዜው ይቅር።

መምህሯንም አናግሪያቸው። ጠብ አያስፈልግም። «ዜማ የሚይዝ ልጅ አጠገብ አቁሙልኝ» በያቸው። ቀላል ነው፣ ይሠራልም።

ለእኛ ለመምህራን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ይህን ንግግር ለማንም ልጅ አትናገሩ። የወላጆች ቀን በግማሽ ቀን ያልፋል፣ ንግግሩ ግን አያልፍም። ጎልማሳ ሆነው «እኔ ድምፅ የለኝም» የሚሉ ሰዎችን ስንቴ እንደጠየቅኩ፤ ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው ማን እንዲህ እንዳላቸው ያስታውሳሉ። ሒሳብ የሳተ ልጅ «አንተ እርሳሱን ብቻ አንቀሳቅስ» ተብሎ ያውቃል? ክፍለ ጊዜው የትምህርት ነው። የማያውቀው ልጅ ነው ይበልጥ መዝፈን ያለበት።

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ። ክፍለ ጊዜ እንዲሞላልኝ ተብሎ የ5ኛ ክፍል «ክወናና ዕይታ ጥበባት» ተሰጠኝ። ሙዚቃ አልተማርኩም፣ ኖታ አላውቅም፣ ድምፄም ወፍራም ነው። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ፣ መሣሪያ የሚባል የለም። ዘምሩ ሲባሉ ይጮኻሉ፣ የጎረቤት ክፍል መምህር ተማሯል። አሁን አሁን «ሥዕል ሣሉ» እያልኩ ማሳለፍ ጀምሬያለሁ። (መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ የሙያ ባልደረባዬ፣ እንዲህ ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃን፣ ውዝዋዜን፣ ቴአትርንና ሥዕልን በአንድ ትምህርት ሰብስቧል። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ግን ሁሉንም የሚችል መምህር የት ይገኛል? ትምህርቱ ክፍለ ጊዜ ለጎደለው ሰው ይሰጣል፣ ሰውየው የሚችለውን ያስተምራል፣ ብዙ ጊዜ ተንሳፍፎ የሚቀረው ሙዚቃው ነው።

ኖታ አለማወቅዎ አያስጨንቅዎ። በአገራችን ዜማ ለዘመናት በጆሮ ነው የተላለፈው። ዜማ ቤት መሪጌታው ያወጣል፣ ተማሪው ይቀበላል። ሠርግ ቤት አንዱ ያወጣል፣ እድምተኛው ይቀበላል። ልጆቹም ይህን ያውቁታል። ቡሄ ሲደርስ ሆያ ሆዬን በሰፈር ሲጨፍሩት ኖታ ማን ሰጣቸው? እርስዎም ከዚያው ይነሱ።

አንድ ስንኝ ብቻ ያውጡ፣ ልጆቹ ዝም ብለው ይስሙ። ሁለተኛ ያውጡት፣ አሁንም ይስሙ። ከዚያ በእጅዎ ምልክት ይስጡና ይቀበሉ። እነሱ ሲቀበሉ እርስዎ ዝም ይበሉ! ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ነው የምንስተው፤ አብረን እንዘምራለን፣ ስለዚህ ልጆቹ ምን እንዳሉ አንሰማም፣ እነሱም እኛን ተደግፈው ይሄዳሉ እንጂ ዜማውን ራሳቸው አይዙትም።

ጩኸቱ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። «ጮክ በሉ» እየተባሉ ነው ያደጉት። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ያስተውሉ፤ ብሔራዊ መዝሙሩ ጎላ ካላለ «አልተሰማም፣ እንደገና» ይባላል። የልጅ የድምፅ አውታር ግን አጭርና ስስ ነው። ሁልጊዜ ሲጮህበት ያብጣል፣ እየቆየም ትንንሽ እባጭ ሊያወጣ ይችላል። ጉንፋን ሳይኖርበት ድምፁ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ልጅ ካለዎት ወላጆቹ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

«ቀስ በሉ» ማለት ብዙም አይሠራም። ይልቅ ግማሹ ክፍል ይዘምር፣ ግማሹ እያዳመጠ በጉልበቱ ላይ ምቱን ይምታ። ከዚያ ይቀያየሩ። 60 ልጅ ወደ 30 ወረደ ማለት ነው፣ ጎረቤትዎም ያርፋል። ለአዳማጮቹ ደግሞ ሥራ ይስጧቸው፤ «ስንኙ መጨረሻ ላይ ዜማው ወጣ ወይስ ወረደ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄ የተሰጠው ልጅ ያዳምጣል።

ስለ ወፍራም ድምፅዎ። የወንድ ድምፅ ከልጆች ድምፅ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት ያህል ዝቅ ይላል። አንዳንድ ልጆች እርስዎ ያሉበት ድረስ ሊወርዱ ሲሞክሩ ድምፃቸው ይጠፋል፣ እኛም «ይሄ ዜማ አይዝም» እንላለን። ስለዚህ ዜማ የምትይዝ አንድ ተማሪ ታውጣ። ስልክዎ ላይ በነፃ የሚገኝ የፒያኖ መተግበሪያ ይጫኑ። ከመካከለኛው ዶ (በፒያኖው መሀል ካለው፣ ብዙ ጊዜ C4 ከሚባለው) ቀጥሎ ያለውን ሬ ይንኩና የመዝሙሩ ዝቅተኛ ቦታ ከዚያ እንዳይወርድ ያድርጉ። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጆች ከዚያ ሬ እስከ ላ ይበቃቸዋል። የእርስዎ 5ኛ ክፍሎች እስከ ላይኛው ዶ ይመቻቸዋል።

ከየትኛው ቅኝት ልጀምር ካሉ፣ ከትዝታ ሜጀር። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አምስት ድምፅ ነው፣ ሙዚቀኞች ግማሽ ቶን የሚሉት ጠባብ ርቀት በውስጡ የለም፣ ስለዚህ ለልጅ ይቀላል። የሀንጋሪው የሙዚቃ ሰው ዞልታን ኮዳይ ልጆች መጀመሪያ በድምፃቸው ይዘምሩ፣ ከአገራቸው የሕዝብ ዜማ ይነሱ፣ በተለይ ከአምስት ድምፅ ዜማ ይጀምሩ እያለ ሲወተውት ኖሯል፤ ዛሬ በእሱ መንገድ የሚያስተምር በብዙ አገር አለ። እኛ ጋ ያ አምስት ድምፅ በየሰፈሩ ሞልቷል። ሆኖም በከተማ ብዙ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሚሰማው የእንግሊዝኛ መዝሙር ነው። እሱ ይጥፋ አልልም። ግን አንድ ልጅ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጆሮው ሳይለይ 6ኛ ክፍልን ሲጨርስ ከልቤ አዝናለሁ። አንቺሆዬን ለመጨረሻ ያቆዩት፣ ጠባብ ርቀቶቹ አዋቂንም ያስቸግራሉ።

ምቱንም አይርሱ። ችክችካን ልጆቹ በትከሻቸው ያውቁታል። እርስዎ ደግሞ ሒሳብ ያውቃሉ፤ የችክችካ ስድስት ምት ለሁለትም ለሦስትም ይካፈላል። ሁሉም እስከ ስድስት ይቁጠሩ፣ አንዱ ረድፍ በ1 እና በ4 ላይ ያጨብጭብ፣ ሌላው በ1፣ በ3 እና በ5 ላይ። ሲገጥምላቸው የሚሆኑትን ያያሉ። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያስረዱታል።

40 ደቂቃ ሙሉ መዝፈንም የለባቸውም። መጀመሪያ ላይ 10 ደቂቃ ይስጡት፣ የቀረውን ሥዕሉን ይሣሉ።

ጥያቄ፦ 13 ዓመቴ ነው፣ 6ኛ ክፍል ነኝ። የትምህርት ቤታችን ሙዚቃ ክበብ ውስጥ የማወጣው እኔ ነበርኩ። አሁን ድምፄ ጎርንኗል፣ መሀል ላይም ይሰነጠቅብኛል፣ ልጆች ይስቁብኛል። ልተወው? (ተማሪ)

መልስ፦ አትተወው ወንድሜ። ጉሮሮህ እያደገ ነው። የድምፅ አውታርህ እየረዘመና እየወፈረ ስለሆነ ነው የሚሰነጠቀው፤ በአንተ ዕድሜ አካባቢ ያለ ወንድ ልጅ ሁሉ ያልፍበታል። አንዳንዱ ላይ ወራት፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያ በላይ ይቆያል።

የድሮውን ከፍታ በግድ አትፈልገው። ወረድ ብለህ የሚመችህ ቦታ ላይ ዘምር፣ ሲደክምህ አቁም። ማውጣቱን ለጊዜው ለሌላ ልጅ ስጠውና አንተ ከተቀባዮቹ ጋር ሁን። ከበሮም ያዝ። ለክበቡ ኃላፊ ይህን ገጽ አሳያቸው፣ እኔ እንዳልኩ ንገራቸው፦ ድምፁ የጎረነነን ልጅ ከክበቡ ማስወጣት አይገባም።

ጥያቄ፦ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረታችን) ለሙዚቃ ክበቡ ገንዘብ አሰባስቧል። ግማሾቻችን ኪቦርድ ይገዛ እንላለን፣ ግማሾቻችን ክራር። እርስዎ ምን ይላሉ? (የኮሚቴ አባል፣ ከደሴ)

መልስ፦ ክራር። ከደሴ ለጻፈ ሰው ሌላ መልስ የለኝም። ባቲም አምባሰልም የእናንተው የወሎ ስሞች ናቸው።

ምክንያቴ ግን ስሜት ብቻ እንዳይመስልዎ። ኪቦርድ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል። አንዱ ልጅ ይነካል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። በአንድ ደህና ኪቦርድ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ክራር ይገኛል። ክራር እዚሁ ይሠራል፣ ክሩ ቢበጠስ ይቀየራል። ከሁሉም በላይ አምስት ወይም ስድስት ክር ነው ያለው፣ ቅኝቶቹም አምስት ድምፅ ናቸው፤ ልጁ ክራሩን ከትዝታ ወደ ባቲ ሲቃኝ ልዩነቱን በጣቱም በጆሮውም ያገኘዋል። ኪቦርድ ላይ ይህ አይታይም።

ኪቦርድ ባዕድ ነው እያልኩም አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የትንፋሽ መሣሪያ ሲነፉ ነገሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር። ዛሬ ሳክስፎን ትዝታ ሲጫወት ማንም አይገረምም። ገንዘብ ሲተርፍ ኪቦርዱን በሌላ ዓመት ግዙ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ክራር ቅኝቱ ይላላል። አምስት ክራር በአምስት ዓይነት ከተቃኘ ጆሮ ያቆስላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሚቃኘው ወስኑ፤ የስልክ መቃኛ መተግበሪያ ይረዳል፣ ግን የሚያውቅ ሰው አንድ መምህር ቢያሠለጥን ነው የሚሻለው። ለትንንሽ እጅ የሚሆን አነስ ያለ መጠን አሠሩ። ሁለተኛ፣ ርካሽ ነው ብላችሁ ዋሽንት በብዛት እንዳትገዙ። እያንዳንዱ ዋሽንት የራሱ ከፍታ አለው፣ ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊዎች ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት። ተለክቶ ያልተሠራ 10 ዋሽንት አብሮ አይሄድም። ከበሮ ጨምሩ። ከገንዘቡ ላይ ጥቂት አስቀሩና በከተማው ያለ ማሲንቆ ተጫዋች አልፎ አልፎ ልጆቹ ፊት ይጫወት፤ የሙያ ዋጋውን ክፈሉት፣ በሻይ አትሸኙት።

ጥያቄ፦ በእምነታችን ምክንያት ቤታችን ዘፈን አይዘፈንም። መምህሩ ልጄን «ካልዘፈንክ ውጤት የለህም» ይለዋል። ይህ ልክ ነው? (አባት)

መልስ፦ ልክ አይደለም። ልጅን በውጤት አስፈራርቶ ማዘፈን በየትኛውም መንገድ ትምህርት አይሆንም።

ግን እርስዎም አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። በአንደኛ ደረጃ የሚዘመረው በአብዛኛው ስለ ቁጥር፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ ሥራ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የየትኛውንም ሃይማኖት መዝሙር ስለማያስተምር በእኛ መዝሙር ይተካልን ማለት አይቻልም። ሆኖም ዜማው ካልተስማማዎት ልጁ በምት፣ በጭብጨባና በማዳመጥ ሥራ ሊገመገም ይችላል፤ እነሱም የትምህርቱ አካል ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ወይም በመንዙማ ያደጉ ልጆች ክፍሌ ውስጥ ጥሩ ጆሮ ካላቸው መሀል ናቸው፣ ስለዚህ ልጅዎ ከኋላ ይጀምራል ብለው አይስጉ።

መምህሩ ጋ ሲሄዱ መጀመሪያ ልጁን አይውሰዱት፣ ሁለታችሁ ተነጋገሩ። የዓመቱን መዝሙሮች ግጥም ይጠይቁና ያንብቡት። የማይስማማዎትን ስንኝ ለይተው ያሳዩአቸው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት መዝሙር አያልፍም።