ጌታ «ሰይፍ ግዙ» ካለ፣ መሣሪያን የሚቆጣጠር ሕግ መደገፍ ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት። የምኖረው ቴክሳስ ነው። ባለፈው ጸበል ጻድቅ ስንቀምስ አንድ ወንድማችን «ጌታ ራሱ ልብሳችሁን ሽጣችሁ ሰይፍ ግዙ ብሏል፤ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ የሚደግፍ ወንጌሉን አላነበበም። ደግሞም ወንበዴ ሕግ አያከብርም፤ የሚታሰረው የጨዋው እጅ ነው» አለን። ልቤ አልተቀበለውም፤ መልስ ግን አጣሁ። እኔም ቤቴ ሽጉጥ አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድማችን የጠቀሰው ሉቃስ 22፥36ን ነው፤ ግን እዚያው ላይ አቆመው። ቀጥሎ ጌታ ምክንያቱን ሲናገር «ከዓመፀኞች ጋር ተቈጠረ» የተባለው ይፈጸም ዘንድ ነው ይላል። ደቀ መዛሙርቱ «እነሆ፥ በዚህ ሁለት ሰይፎች አሉ» ሲሉትም «ይበቃል» አላቸው። ሰይፍና ጎመድ ይዞ ለሚመጣ ጭፍራ ዐሥራ አንድ ሰው በሁለት ሰይፍ ምን ሊመክት ነው? ዮሐንስ አፈወርቅማ ሰይፎቹ እጃቸው ላይ የተገኙት ለፋሲካው በግ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ያችኑ ሌሊት ጴጥሮስ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ ሲቆርጥ፣ ጌታ ጆሮውን ዳስሶ ፈወሰ፤ ጴጥሮስንም «ሰይፍህን ወደ ስፍራው መልስ» አለው። ነገሩ «ታጥቃችሁ ተከላከሉ» ቢሆን ኖሮ ጴጥሮስ በተመሰገነ ነበር።

አንተ ደግሞ «ሰይፍ የሚያነሡ ሁሉ በሰይፍ ይጠፋሉ» የሚለውን ይዘህ «መሣሪያ ጨርሶ ይከልከል» ብትለው፣ እሱ ያደረገውን መድገም ነው። ኦሪት ቤት ሰርስሮ የገባ ሌባ በሌሊት ተመትቶ ቢሞት የመታውን በደም ዕዳ አትይዘውም፤ ፀሐይ ከወጣች ግን ትይዘዋለች (ዘጸ. 22፥2-3)። ራስን መከላከልን ፈቀደች፤ ወዲያው ልክ አበጀችለት። የአሜሪካ ሕግም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የግለሰብን መሣሪያ የመያዝ መብት ሲያጸና፣ መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነ አብሮ ጽፏል። ወንድማችን በሕገ መንግሥቱ ይከራከር፤ መብቱ ነው። ወንጌሉን ምስክር አድርጎ መጥራቱ ግን አያዛልቀውም።

«ወንበዴ ሕግ አያከብርም» ላለው፣ ሌባ ስላልሰማ «አትስረቅ» ከዐሥርቱ ትእዛዛት አልተፋቀም። የሚያከራክረው ይህኛው ወይም ያኛው ሕግ ሞት ይቀንሳል ወይ የሚለው ነው፤ ያ በጥቅስ አይፈታም፣ ተጠንቶ ነው የሚታወቅ። በዚህ ላይ ሁለት ቆራቢዎች ቢለያዩ እኔ አንዳቸውንም አላወግዝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ያንተ ሽጉጥ ነው። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይመጣ። ወንጀለኛ አልተጠቀሰም፤ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 በጥይት ከሞቱት ወደ 48,800 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የገዛ ሕይወታቸውን ያጠፉ ናቸው። ወንድማችን ስለ ወንበዴ ሲያወራ እነዚህ ትዝ ያሉት አይመስለኝም።

ስለዚህ ሽጉጡን አራግፈህ ካዝና ውስጥ ቆልፍ፤ ጥይቱን ለብቻው ሌላ ቦታ ቆልፍበት። ትራስ ሥርና የመኪና ኪስ ውስጥ አታኑር። ልጆች ካዝናው የት እንዳለ ቢያውቁም መክፈቻውን አይወቁ። ቤትህ ውስጥ ልቡ የተሰበረ ወይም መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ግን ቁልፍ አይበቃም፤ ሽጉጡን ዛሬውኑ ከቤት አውጣው፣ ያንን ሰው ሐኪም ዘንድ ውሰደው፣ ለንስሐ አባትህም ንገር።