ለድርድርም ደንብ ያስፈልጋል ወይ?

«ለፍልሚያ ይህን ያህል ደንብ አለን፤ ለድርድርና ለማሳመን ግን እየተጫወቱ ማውራት አይበቃም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን ታሪክ ስለምንፈጥርበት የሚና ጨዋታ ማለትህ ነው። ጌም ማስተር፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራና የሚዳኝ ሰው፣ ሆኜ ስጀምር እኔም ይበቃል ባይ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት ዝምተኛ ተጫዋች ናት።

ካራክተሯ፣ ማለትም በጨዋታው ውስጥ የምትሆናት ሰው፣ አንደበተ ርቱዕ ነጋዴ ነበረች። ለካራክተሯ ችሎታ የምታከፋፍለውን ነጥብ ሁሉ ያፈሰሰችው ንግግር ላይ ነው። እሷ ራሷ ግን ሰው ሲያያት ቃል ይጠፋባታል። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ካራክተሩ ከሰይፍ ሌላ የማያውቅ ወታደር ነው። ልጁ ግን ወሬ ይችልበታል፤ ድርድሩን ሁሉ እሱ ያሸንፋል። ፈራጁ እኔ ነኝ። ለካ የምፈርደው ለካራክተሩ ሳይሆን ለተጫዋቹ ነበር። ፍልሚያ ላይ እኮ ማንንም «ተነስና ሰይፍ ወዝውዝ» አንልም! ልጅቷ ቀስ በቀስ መሞከሩን ተወችው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው 4ኛው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (የታወቀው የሚና ጨዋታ) እትም ስኪል ቻሌንጅ የሚባል ደንብ አለው፤ ዳይስ እየጣሉ፣ ውድቀቱ ሳይበዛ የተወሰነ ስኬት መሰብሰብ ነው። እኛ ጋ አልሠራም። ንጉሥ ፊት ቆመን ቆጠራ ያዝን። ምን እንደተባለ የሚሰማ ጠፋ።

አሁን የምጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው በመጀመሪያው እትም ውስጥ ያለውን ቀላል ነገር ነው። ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ ያገኘነው ሰው እንዴት እንደሚቀበለን ይናገራል። ከ2 እስከ 5 ጥላቻ፣ ከ6 እስከ 8 ማመንታት፣ ከ9 እስከ 12 በጎ ፊት። ከ36ቱ አጣጣሎች 16ቱ ማመንታት ላይ ያርፋሉ፤ እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ለምሳሌ እንዲያሳልፈን የጠየቅነው ዘበኛ አልፈቀደም፣ አልተቆጣምም። ስለዚህ አንድ ነገር ማቅረብ የግድ ነው፤ ጨዋታው የሚጣፍጠው እዚያ ላይ ነው።

እኔ የጨመርኩበት ትንሽ ነው። ዳይሱ ሳይጣል ምን እንደሚገኝና ምን እንደሚታጣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። «ስለ ልጆቹ አነሳበታለሁ» ማለት ይበቃል፤ በትወና ማቅረብ ግዴታ አይደለም። ሐሳቡ ጥሩ ከሆነ በዳይሱ ድምር ላይ 1 እጨምራለሁ፤ ለአነጋገር ማማር ግን ምንም። የወጣውን ቁጥር ደግሞ ባልወደውም አልቀይርም።

ለተራ ወሬና ለሐሜት ዳይስ አላነሳም። ታሪኩ ያለሱ የማይቀጥል ፍንጭ ከሆነም ዝም ብዬ እሰጣለሁ።

ያንተ ቡድን ያለ ደንብ ደስ ብሎት ከተጫወተ አትንካው። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ድርድር ሲጀመር ማን ዝም እንደሚል ልብ ብለህ እይ። ሁልጊዜ ያው ሰው ከሆነ፣ ሁለቱን ዳይስ ሞክርለት።