መልስ፦ የብር ቅብ ካልሲ ሲታጠብ ብሩ ይለቃል ወይ?

ወንድሜ፣ «ሽታ ይከላከላል የተባለው የብር ቅብ ካልሲ ሲታጠብ ብሩ ይለቃል ወይ? መግዛትስ ያዋጣል?» ላልከው፣ አዎ ይለቃል። መጠኑ ግን እንደ አሠራሩ ይለያያል።

ላብ ብቻውን ብዙም አይሸትም፤ የሚሸተው ባክቴሪያ ሲያብላላው ነው። ብሩ እርጥበት ሲያገኝ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የብር አቶም) ይለቃል። አዮኑ የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳል፣ ኢንዛይሞቹንም (የውስጥ ሥራውን የሚያከናውኑለትን ፕሮቲኖች) ያሰናክላል። ስለዚህ ጭራሽ የማይለቅ ብር ጥቅም የለውም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ገበያ ላይ ያሉ ካልሲዎችን አጥበው ለክተው ነበር። አንዳንዶቹ በ4 እጥበት ብራቸውን ከሞላ ጎደል ጨረሱ። ሌሎቹ ምንም ያህል አልለቀቁም። ላዩ ላይ ብቻ ከተቀባው ይልቅ ክሩ ሲሠራ ውስጡ የተቀላቀለው ይቆያል። በረኪና ግን አታስነካው። ደግሞ የለቀቀው ብር ከፍሳሽ ጋር ወንዝ ሲገባ እዚያ ያሉትን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሊጎዳ ይችላል፤ ይሄን ማሸጊያው ላይ አይጽፉልህም!

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ለቢሮ ጫማ ተጨማሪ ገንዘብ አላወጣበትም። በየቀኑ የሚቀየር ንጹሕ ካልሲ ይበቃል፤ ጫማህንም አናፍሰው። ጣቶችህ መሃል የሚያሳክክህና የሚላጥ ከሆነ ግን ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።