ፓምፑን በርካሽ ስሩት፣ ኬሚካሉ የሚነካው ላይ ግን አትቆጥቡ

ልጆች፣ ፍሎው ኬሚስትሪ (ኬሚካሎቹን በፓምፕ ቀጭን ቱቦ ውስጥ እየገፉ እዛው እየፈሰሱ እንዲዋሃዱ ማድረግ) መስራት ፈልገን የፓምፑ ዋጋ አስደነገጠን እያላችሁ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ፓምፑ አያስፈራችሁ። ሲሪንጅ ፓምፕ ማለት እኮ ሞተር ብሎን ያዞራል፣ ብሎኑ የሲሪንጁን መግፊያ ይገፋል፣ አለቀ። አሜሪካ ሚሺጋን ቴክ ዩኒቨርሲቲ የነጆሹዋ ፒርስ የተመራማሪዎች ቡድን በ3ዲ ፕሪንተር የሚታተም ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2014 በነፃ ለቋል፣ እናንተም ኔማ 17 ስቴፐር ሞተር (ደረጃ በደረጃ የሚዞር፣ ኔማ 17 መጠኑ ነው) እና አርዱይኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ሞተሩን ከሚነዳው ድራይቨር ጋር ካገኛችሁ ሌላው የእጅ ስራ ነው። ብሎኑን ስትገዙ ግን አንዴ ሲዞር 2 ሚሊሜትር የሚሄደውን ጠይቁ፣ ዝም ካላችሁ ሻጩ ለ3ዲ ፕሪንተር የሚሆነውን ባለ 8ቱን ነው የሚያቀብላችሁ፣ በ2ቱ ፍሰቱም ይረጋጋል ሞተሩም አይጨነቅም።

ብሩን ሲሪንጅና ቱቦ ላይ አውጡት። የፕላስቲክ ሲሪንጅ ጫፉ ላይ ያለችው ጥቁር ጎማ እንደ ቶሉዊን ያለ ማሟሚያ ሲነካት ታብጥና ትይዛለች፣ ሞተሩ ሳይገፋ ይንተከተካል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ሁሉ ሰላም ነው ይላችኋል። ብርጭቆ ሲሪንጅና ቴፍሎን ቱቦ ይሻላል። ውስጡ 0.8 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ በሜትር ግማሽ ሚሊሊትር ገደማ ይይዛል፣ ስለዚህ 10 ሜትር ጠቅልላችሁ ሁለት ፓምፕ እያንዳንዱ በደቂቃ 0.25 ሚሊሊትር ቢገፋ ፈሳሹ ቱቦው ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ሒሳቡ ይኸው ነው፣ ሰው ያካብደዋል እንጂ።

ከዛ መጀመሪያ ውሃ ብቻ አስገቡና የሚወጣውን በየደቂቃው ሚዛን ላይ መዝኑ፣ ይቺን ስራ ሁሉም ይንቃታል። ሁሌ በእኩል መጠን ካነሰ ኮዱ ላይ ታስተካክሉታላችሁ፣ አንዴ በዝቶ አንዴ አንሶ ከመጣ ግን ኮድ አያድነውም፣ ወይ አየር ገብቷል ወይ ብሎኑ ይላወሳል።

መብራት ነገርም አለ። አርዱይኖ መብራት ሲመለስ ኮዱን ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው፣ ማንም በሌለበት ፓምፑ እንደገና መግፋት ይጀምራል ማለት ነው፣ እና ሰው ቁልፍ ካልተጫነ እንዳይነሳ አድርጋችሁ ጻፉት፣ መግፊያው የሚደርስበት መጨረሻ ላይም ሊሚት ስዊች (ሲነካ ሞተሩን የሚያስቆም ማብሪያ ማጥፊያ) ይኑር። ስቴፐር ቱቦ ይደፈን አይደፈን አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይገፋል፣ ብርጭቆው ሊፈነዳ ይችላል፣ መነጽር ሳታደርጉ አጠገቡ አትቁሙ።

የመጀመሪያ ሪአክሽናችሁን ስትመርጡም ሁሉ ነገር ሟሙቶ የሚቆይበትን ምረጡ፣ ዝቃጭ የሚሰራ ከሆነ ያቺ 0.8 ሚሊሜትር ቱቦ ወዲያው ነው የምትደፈነው።